አሥራ ሦስተኛው መስመር ላይ ለመቆም፤ ከአዳማ እስከ ዛሪማ

ሰሜን ተራሮች አካባቢ ደርሼ መመለሴን የሰሙ ወዳጆቼ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ጭላዳ ዝንጀሮና ስለ ዋልያ ነው። መልሴ ያሳዝናቸዋል። ዋልያ አላየሁም። ጭላዳ ያየሁት ከሚኒባስ መስኮት ነው፣ ያውም ከጀርባው። ያን ሁሉ መንገድ የተጓዝኩት እንጨት መሬት ላይ ተክዬ ጥላውን ለማየት ነበር ስላቸው ቀስ ብለው ወደ ባለቤቴ ዞረው ጤንነቴን ይጠይቃሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዳማ ውስጥ ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ በቅርቡ ጡረታ ወጥቻለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰሌዳ ላይ ትልቅ ክብ እየሳልኩ፣ በአግድም ኬክሮስን፣ ከላይ ወደ ታች ደግሞ ኬንትሮስን ሳሰምር ኖርኩ። ኬክሮስ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደራቅን ይነግረናል። ኬንትሮስ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ያለንበትን ይነግረናል። ሁለቱን ቁጥሮች ብቻ የሰጠኝን ሰው ቤቱ ድረስ ሄጄ በሩን አንኳኳለሁ እያልኩ ለተማሪዎቼ እፎክር ነበር።

ከብዙ ዓመት በፊት ትርንጎ የምትባል ዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረችኝ። ከዳባት መጥታ አዳማ አጎቷ ቤት የተቀመጠች፣ ረጋ ብላ የምትናገር ልጅ ናት። አንድ ቀን «አገራችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን ስለሆነች የቀትር ጥላችን ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሜን ይወድቃል» ብዬ አስተማርኩ። ትርንጎ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ በእኛ አገር በሰኔ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ነው የሚወድቀው። አባቴ ጥላውን በእግሩ እየለካ ነው ሰዓት የሚያውቀው። እሱ ነው ያሳየኝ።»

«አባትሽ ዳዊት ይድገሙ፤ ጂኦግራፊውን ለእኔ ይተዉልኝ» አልኳት። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ፈተና ላይም ያንኑ ብትጽፍ ቀይ ኤክስ ሰጠኋት። ጓደኞቿ ከዚያ በኋላ ስሟን ትተው «ጥላ» ይሏት ጀመር። ዓመቱ ሲያልቅ ወደ አገሯ ተመለሰች፤ እኔም ረሳኋት።

አምና በሰኔ የድሮ ተማሪዎቼ በስልክ በሚገናኙበት ቡድን ላይ አንድ ፎቶ መጣ። ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨት ነው፤ አጠገቡ ኮምፓስ አለ። አጭር ጥላው ወደ ደቡብ ወድቋል። ከሥሩ «ለመምህሬ፤ ከዳባት፤ በቀትር» የሚል ጽሑፍ አለ። የላከችው ትርንጎ ናት፤ እዚያው ዳባት የጂኦግራፊ አስተማሪ ሆናለች።

መጽሐፌን ገለጥኩ። መጽሐፉ አልተሳሳተም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ፀሐይ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ከእኛ አናት አልፋ ወደ ሰሜን ትሄዳለች፤ ያኔ የቀትር ጥላችን ወደ ደቡብ ይዞራል። ለዚህ ማስረጃ ጓሮዬ መውጣት ይበቃኝ ነበር። ክረምቱ ደመና ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል ወራት አለፉ።

በመጨረሻ ለባለቤቴ ለሙሉ ነገርኳት።

«ደውለህ ይቅርታ በላት» አለች።

«በስልክ አይሆንም። የሰደብኩት አባቷንም ጭምር ነው።»

«እንግዲያ ሂድ። ሹራብ ያዝ።»

ለትርንጎ ደወልኩና ልመጣ ነው አልኳት። «ከመጡ በሚያዝያ አጋማሽ ይምጡ፤ ፀሐይ ልክ በዳባት አናት ላይ የምታልፈው ያኔ ነው። ለጥቂት ደቂቃ የቆመ እንጨት ጥላ አይኖረውም» አለችኝ። ዳባት አሥራ ሦስተኛው ኬክሮስ ላይ ናት ማለት ይቻላል። መስመሩ ከከተማዋ ትንሽ ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ ያልፋል።

ሹራቡን ረሳሁት።

የመጀመሪያው ቀን

ዋዜማውን አዲስ አበባ እህቴ ዘንድ አደርኩ። ጎህ ሲቀድ የጎንደር አውቶቡስ ላይ ነበርኩ። ስልኬ ያለሁበትን ቦታ በዲግሪና በደቂቃ ያሳየኛል። ይህ ደቂቃ የሰዓት አይደለም፤ አንድ ዲግሪ ስልሳ ቦታ ሲከፈል አንዱ ክፍል ነው። መሬት ላይ ሲለካ ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከአዲስ አበባ ስንነሳ ዘጠኝ ዲግሪ ከምናምን ነበርን። ቁጥሩ ቀስ እያለ ሲጨምር እኔም እንደ ሕፃን ተደሰትኩ።

አጠገቤ የተቀመጡት ወፍራም ነጋዴ ከሱሉልታ ጀምሮ ተኝተዋል። ጎሐ ጽዮን ልንገባ ስንል ሳላስበው «አሥረኛውን ተሻገርን!» ብዬ ጮህኩ።

ነጋዴው ብድግ አሉ። «ኬላ ነው?»

ኬላ አለመሆኑን አስረዳኋቸው። የዓባይን በረሃ ወርደን እስክንወጣ ድረስ ሲያዳምጡኝ ቆይተው «እና ይሄ መስመር ቀለም የለውም?» አሉኝ። የለውም አልኳቸው። «ታዲያ ማን ይጠብቀዋል?» ብለው ተመልሰው ተኙ።

ፍኖተ ሰላም ላይ ምሳ በላን። አዳማ ጥብስ በሚጥሚጣ አፍ ያቃጥላል፤ እዚህ ቅቤው ያሸንፋል። ከእንጅባራ ወጥተን አሥራ አንደኛውን ስናልፍ ቀስ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። በኬንትሮስ በኩል ግን የሚያስቅ ነገር አጋጠመኝ። ሠላሳ ሰባተኛውን ኬንትሮስ ከእንጅባራ በፊት ወደ ምዕራብ ተሻገርነው፤ ከዳንግላ በኋላ ደግሞ ወደ ምሥራቅ መልሰን ተሻገርነው። መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፤ መንገዱ ነው የሚዞረው።

ከወረታ አልፈን አዲስ ዘመን ልንደርስ ስንል ነጋዴው አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «አሥራ ሁለተኛው አልደረሰም?» አሉ። ስልኬን አየሁ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ደረሰ። «አሥራ ሁለተኛው!» ብለው ለአውቶቡሱ ሁሉ ያስታወቁት እሳቸው ናቸው። ከኋላ የተቀመጡት አጨበጨቡ፤ ለምን እንደሚያጨበጭቡ ግን አንዳቸውም አያውቁም።

ጎንደር አመሻሽ ላይ ገባን። የሆቴሉ ሰውዬ ውሃው ሙቅ ነው አለኝ። ሙቅ አልነበረም።

ሁለተኛው ቀን

ከጎንደር ዳባት በሚኒባስ ነው። መንገዱ ወደ ወገራ ደጋ ሲወጣ ብርዱ በሸሚዜ እጅጌ ገባ። አዳማ በሚያዝያ ሰው በሌሊት አንሶላ ገፍፎ ነው የሚተኛው። እዚህ ተሳፋሪው ሁሉ እስከ አፍንጫው ተሸፋፍኗል። እኔ አጭር እጅጌ ለብሼ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ እናት «የማነህ አንተ የበረሃ ሰው!» ብለው የጋቢያቸውን ጫፍ ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ። በአንድ ጋቢ ሁለታችን፣ አንዱ ወንበር ፊት አንዱ ወንበር ኋላ ሆነን፣ አምባ ጊዮርጊስ ደረስን።

አምባ ጊዮርጊስ የገበያ ቀን ነበር። ከላያችን የባቄላ ጆንያ ሲወርድ፣ ሌላ ጆንያ ሲጫን አንድ ሰዓት ቆምን። ሾፌሩ እየሳቀ «አሁን እንሄዳለን» ሲል አራት ጊዜ ሰማሁት። ዳባት ደርሼ ሻንጣዬን ብጠይቅ የለም። ከባቄላው ጋር አምባ ጊዮርጊስ ወርዷል። ሾፌሩ ደወለ፤ የእህል ነጋዴው «አዎ፣ ትልቅ ባቄላ መስሎኝ መጋዘን አስገብቼዋለሁ» አለ። ነገ በመጀመሪያው መኪና እንደሚልከው ማለ።

እኔ እንግዲህ ብዙ ዓመት ያላየኋትን ተማሪ ይቅርታ ልጠይቅ የመጣሁት በአጭር እጅጌ ሸሚዝ፣ ባዶ እጄን፣ አፍንጫዬ እየፈሰሰ ነው።

ትርንጎ መናኸሪያው በር ላይ ቆማ ነበር። ቁመቷ ጨምሯል፤ አነጋገሯ ያው ነው። ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝና ቀና ብላ አየችኝ።

«መምህር፣ ፀጉርዎ!»

«ሸበተ አይደል?»

«የለም እኮ።»

ሳቅን። ይቅርታዬን እዚያው ልናገር አፌን ስከፍት ግን «ብርድ ሊገድልዎ ነው» ብላ እየጎተተች ወደ አባቷ ቤት ወሰደችኝ። መንገድ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባቴ የያኔውን ነገር አያውቅም። አልነገርኩትም» አለችኝ።

መሪጌታ ሐዲስ ቀጭን ናቸው፤ ዓይናቸው ይስቃል። ሰው ሁሉ «የኔታ» ነው የሚላቸው። የሰፈሩ ደብር ውስጥ ሲያስተምሩ ዕድሜያቸውን ፈጅተዋል። ገና እንዳዩኝ የራሳቸውን ጋቢ አውልቀው አለበሱኝ፤ ባለቤታቸው ደግሞ የሱፍ ካልሲ ሰጡኝ። የገብስ እንጀራ በድንች ወጥ ቀረበ። እኛ አዳማ ገብስን የምናውቀው በበሶ ነው። እዚህ እንጀራው ወፈር ያለ፣ የሚያጠግብ፣ ብርድን የሚያስረሳ ነው።

«ልጄ ስለ ኬክሮስ ነው የሚመጡት ብላኛለች» አሉ መሪጌታ።

«አዎ የኔታ። አሥራ ሦስተኛው ኬክሮስ በእናንተ አገር በኩል ያልፋል።»

ግራ ተጋብተው አዩኝ። «አሥራ ሦስተኛው? እሱማ በየቀኑ፣ በሁሉም አገር ያልፋል!»

አሁን ደግሞ እኔ ግራ ተጋባሁ። ትርንጎ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። በባሕረ ሐሳብ ኬክሮስ የጊዜ ስም ነው፤ አንድ ዕለት ስልሳ ቦታ ሲከፈል አንዱ ኬክሮስ ይባላል፤ በሰዓት ሃያ አራት ደቂቃ ነው። ትምህርት ቤት ስሙን ወስዶ ለካርታ መስመር ሰጠው። ሁለታችን በአንድ ቃል ስለ ሁለት ነገር ስናወራ ነበር።

ትርንጎ ተነሥታ የመሶቡን ክዳን አመጣች። «አባ፣ ምድር ይህን ክዳን ትመስላለች እንበል። ዙሪያውን የሚዞረው የስፌቱ ረድፍ የመምህር ኬክሮስ ነው። ረድፉ ወደ ጫፉ ሲወጣ ክቡ ያንሳል፤ አንዱ ረድፍ ግን ሌላውን አይነካውም። ከጫፉ ጉትዬ ተነሥቶ ወደ ታች የሚወርደው ጌጥ ደግሞ ኬንትሮስ ነው። ሁሉም ጉትዬው ላይ ይገናኛሉ፤ ታች ሲደርሱ ይራራቃሉ።»

እኔ ያን ሁሉ ዓመት ሰሌዳ ላይ ስቧጭር እንዲህ ያለ ነገር አንድ ቀን አስቤ አላውቅም።

መሪጌታ ክዳኑን አዙረው ተመለከቱት። «ዙሪያውን ስንት ኬንትሮስ ነው?»

«ሦስት መቶ ስልሳ ዲግሪ።»

«ዕለቱ ደግሞ ስልሳ ኬክሮስ።» ጣታቸውን ቆጠሩ። «እንግዲያ በእኔ አንድ ኬክሮስ ፀሐይ የእናንተን ስድስት ታልፋለች።»

ልክ ናቸው። አዳማ ከዳባት ወደ ምሥራቅ አንድ ዲግሪ ተኩል ያህል ትርቃለች። ስለዚህ የአዳማ ቀትር ስድስት ደቂቃ ይቀድማል። ይህንን ስነግራቸው «ባለቤትዎ አሉ አይደል? እሳቸውም እዚያ እንጨት ይትከሉና እንየው!» አሉ። እዚያው ለሙሉ ደወልኩላት። ቀትር ላይ ጓሮ ወጥታ የጥላ ርዝመት እንድትለካ ስነግራት «ሹራቡን እኮ አልጋ ላይ አገኘሁት» ስትል ስልኩ ክፍት ስለነበር ቤቱ ሁሉ ሰማ።

መሪጌታ ከዚያ ስለ ጥላ አጫወቱኝ። በታኅሣሥ ቀትር የሰው ጥላ አምስት እግር ያህል ወደ ሰሜን ነው። በሚያዝያ ከእግር ሥር ይገባል። በሰኔ ደግሞ አንድ እግር ያህል ወደ ደቡብ ይወጣል። ይህን ከአባታቸው ተምረው ለልጃቸው አስተምረዋል። እኔ ጎንበስ ብዬ እበላለሁ። ይቅርታው ጉሮሮዬ ላይ ነበር፤ በድንቹ አወረድኩት።

ሦስተኛው ቀን

ጠዋት ሻንጣዬ ደረሰ። ነጋዴው ለካሳ ሁለት እፍኝ ቆሎ በወረቀት ጠቅልሎ ከትቶበታል። ቱምቢና ገመድ፣ አንድ ክንድ የሚሆን ቀጥ ያለ ዘንግ ይዤ፣ ትርንጎ አንድ ክፍል ተማሪዎቿን አስከትላ፣ መሪጌታም መቋሚያቸውን ይዘው፣ በደባርቅ መንገድ ወደ ሰሜን ሄድን። ስልኬ ላይ አሥራ ሁለት ዲግሪ ከሃምሳ ዘጠኝ ደቂቃ ይላል። ሁለት ኪሎ ሜትር ሳንሄድ አሥራ ሦስት ሞላ። መስመሩ ያለፈው የታረሰ ማሳ መሐል ነው።

ገና ገመዱን ስዘረጋ የማሳው ባለቤት አያ ታከለ እየሮጡ መጡ።

«ምን ልትለኩ ነው? መሬቴ ተለክቶ አልቋል!»

«መሬቱን አይደለም አባቴ፤ በማሳዎ ላይ መስመር ያልፋል» አልኳቸው።

ፊታቸው በአንድ ጊዜ በራ። «መስመር? መብራት ሊገባልን ነው?»

እዚህ ላይ ተማሪዎቹ በሳቅ መሬት ላይ ወደቁ። የማይታይ መስመር መሆኑን መሪጌታ ቀስ አድርገው አስረዷቸው። አያ ታከለ ማሳቸውን ዳር እስከ ዳር ቃኙና «የማይታይ መስመር ከሆነ የሚያመጣውም የማይታይ መብራት ነው» አሉ። ከዚያም «ዘር አልዘራሁም፤ ግቡ» ብለው ፈቀዱልን። ዓርብ ቢሆንም ሃምሳው ገና ስላልወጣ አንድ ገንቦ አሬራ ከቤታቸው አስመጡልን።

ዘንጉን ተከልን፤ ቀጥ ማለቱን በቱምቢ አረጋገጥን። የዳባት ቀትር በሰዓታችን ስድስት ሰዓት ከሃያ ሰባት ላይ ነው። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ጥላው አንድ ጋት ነበር። እያየነው ወደ ዘንጉ እየተሰበሰበ መጣ። ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ከተራራው በኩል አንድ ደመና ተነሣ። ትንሽ ነበር። ከዚያ ትንሽ አልነበረም። ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ ማሳው ሁሉ ጥላ ሆነ።

ጠበቅን። ስድስት ተኩል፣ ሩብ ጉዳይ፣ ሰባት። ሙሉ ከአዳማ ደውላ «እዚህም ደመና ነው» አለች። ተማሪዎቹ ግማሹ ሰማይ ግማሹ እኔን ያያሉ። ከሩቅ የመጣው መምህር አንድ ነገር እንዲያሳያቸው ይጠብቃሉ። የማሳያቸው ነገር አልነበረኝም።

ያኔ ነው የተናገርኩት።

«ልጆች፣ እኔ የመጣሁት ጥላ ለማሳየት ብቻ አይደለም። መምህራችሁ በእናንተ ዕድሜ ሳለች ክፍሌ ውስጥ ትክክለኛ መልስ መለሰችልኝ። ተሳስተሻል አልኳት። ከዚያ አልፌ አባቷን ሰደብኩ። ልጆቹ ሳቁባት፤ ሲስቁ ደስ አለኝ። ዝም ያሰኘኋት መልስ ስላልነበረኝ ነው። የኔታ፣ ዳዊት ይድገሙ ያልኩት እርስዎን ነው። ትርንጎ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

መሪጌታ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ይህን ሁሉ ዓመት?»

«ምን ብዬ ልንገርህ አባ?»

መሪጌታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩ። «ዳዊቱንማ እደግማለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ዛሬም ደግሜ ነው የወጣሁት። በፈተናው ስንት ቀነሱባት?»

«ሁለት።»

«ይመለስላት!»

ተማሪዎቹ በሳቅ ፈነዱ። ትርንጎ ግን አልሳቀችም። «ማርኩ አይደለም መምህር» አለችኝ። «ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክጨርስ አንድም ጊዜ እጄን አላወጣሁም። መልሱን እያወቅሁ ዝም አልኩ። አስተማሪ የሆንኩት ለዚያ ይመስለኛል። እዚህ ክፍል ውስጥ ማንም እንደዚያ ዝም እንዳይል ብዬ።» ከዚያ ወደ እኔ ቀረብ ብላ ትከሻዬ ላይ የተንሸራተተውን የአባቷን ጋቢ አስተካከለችልኝ። «ይቅር ብያለሁ። ገና ሲደውሉልኝ ነው ይቅር ያልኩዎት፤ ግን ሲናገሩት መስማት ፈልጌ ነበር።»

አያ ታከለ አሬራ ቀዱልኝ።

ወደ ቤት ልንመለስ ስንል መሪጌታ ቆም አሉ። «ፀሐይቱ ነገ የት ናት?»

ቆጠርኩ። በዚህ ሰሞን ፀሐይ በየቀኑ የዲግሪ ሲሶ ያህል ወደ ሰሜን ትሄዳለች። ነገ በአናት ላይ የምታልፈው አሥራ ሦስት ዲግሪ ከሃያ ደቂቃ ላይ ነው። ትርንጎ ስልኳ ላይ ካርታ ከፍታ ጣቷን በሽሬ መንገድ ላይ አስኬደች። ከደባርቅ አልፋ፣ ገደሉን ወርዳ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆመች።

«ዛሪማ!» አለች።

«እንግዲያ እንከተላት» አሉ መሪጌታ። ዛሪማ ቆላ ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዳባት ኖረው እዚያ ወርደው አያውቁም።

አራተኛው ቀን

ቅዳሜ ነው፤ ትምህርት የለም። በማለዳ ሦስታችን በሚኒባስ ደባርቅ ገባን። ደባርቅ ሻይ የሚጠጣው በአንድ እጅ ሳይሆን ብርጭቆውን በሁለት እጅ አቅፎ ነው። ቱሪስቶቹ ወደ ተራራው ይወጣሉ፤ እኛ ወደ ሊማሊሞ ወረድን። ደጉ ሾፌር ስለ ጉዳያችን ሲሰማ «ለፀሐይ ቀጠሮ ዘግይቶ የሚደርስ መኪና አልነዳም» ብሎ ፎከረ።

ሊማሊሞን መቼም አልረሳውም። መንገዱ በገደሉ ላይ ተጣጥፎ ይወርዳል። ታች ያየኸው መንገድ ከአሥር ደቂቃ በኋላ አንተ ያለህበት ነው፤ ላይ ያየኸው ደግሞ አንተ የነበርክበት። መሪጌታ በእያንዳንዱ ኩርባ ላይ አንድ አንድ ስም ይጠራሉ፤ ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ሩፋኤል። የሚያውቋቸው መላእክት ሲያልቁ ኩርባው አላለቀም ነበርና እንደገና ከሚካኤል ጀመሩ።

አጋማሽ ላይ ጠጠር የጫነ ገልባጭ መኪና በኩርባው ላይ ተጋድሞ ቆሟል። ጎማው ፈንድቷል። አራት ሰዓት ሆነ፤ አምስት ሆነ። ከፊት ከኋላ ያለው ተሳፋሪ ሁሉ ወርዶ ጠጠሩን በአካፋ፣ በእጁ፣ በባርኔጣው አራገፈ። አንዲት እናት በድስት ክዳን ይዝቁ ነበር። እኔም ዛቅሁ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መኪናው ቀለል ብሎ ጎማው ተቀየረና ጥጉን ያዘ። ሾፌራችን እንደፎከረው ነዳ።

ወደ ታች ስንወርድ ሙቀቱ እያደገ መጣ። ካልሲውን አወለቅኩ፤ ጋቢውን አጣጠፍኩ። ዛሪማ ስደርስ ለመጀመሪያ ጊዜ አገሬ የገባሁ መሰለኝ። አየሩ የአዳማ ነው። መሪጌታ ግን ላባቸው ይንቆረቆራል፤ «ሰው እዚህ እንዴት ይኖራል?» ይላሉ። ዳባት ላይ እኔ በሆዴ ያልኩትን ነው የሚሉት።

ስድስት ሰዓት ከአሥር ነበር። መንገድ ዳር አነስተኛ ምግብ ቤት ያላት ሴት አለች። ስሟ ለተብርሃን ነው። ጓሮዋ ጠፍጣፋ ስለሆነ እንድታስገባን ለመንናት። «እንጨት ልትተክሉ?» ብላ ከላይ እስከ ታች አየችን፤ ከዚያ «ምሳ የምትበሉ ከሆነ ደን ትከሉ» አለች።

ዘንጉን ተከልን። ሰማዩ ንጹሕ ነው። ጥላው ጣት አክሏል። ስድስት ሰዓት ከሃያ አንድ ላይ ስልኬ ጮኸ፤ ሙሉ ናት።

«አሁን አጠረ» አለች። «ከዚህ በላይ የሚያጥር አይመስለኝም። ሁለት ጣት ያህል ነው።»

«በየት በኩል ነው የወደቀው?»

«በኩሽናው በኩል።»

ኩሽናችን ከጓሮው በስተደቡብ ነው። በዚያ ጓሮ ሠላሳ ዓመት ኖሬያለሁ። ስልኩን ለትርንጎ ሰጠኋት። «ወደ ደቡብ ነው?» አለች። ሙሉ ወዲያ ማዶ «አዎ የኔ ልጅ፣ ወደ ደቡብ ነው» ስትላት ሰማሁ። ትርንጎ ዓይኗን ወደ ሌላ በኩል መለሰች።

አምስት ደቂቃ አለፈ። ጥላው ቀጠነ፣ ክር አከለ፣ ከዘንጉ ሥር ገባ። ዘንጉ በጠራራ ፀሐይ ቆሟል፤ መሬቱ ላይ ምንም የለም። መሪጌታ ጫማቸውን አውልቀው ቀጥ ብለው ቆሙና እግራቸውን አዩ። የእሳቸውም ጥላ ከሥራቸው ገብቷል።

«ባዶ እግር» አሉ። ጥላው ሲጠፋ የሚሉት እንደዚያ ነው። ግን እውነትም ባዶ እግራቸውን ነበሩ፤ መሬቱም ትኩስ ነውና እየዘለሉ ወደ በረንዳው ሮጡ።

የማሽላ እንጀራ በቀይ ወጥ በላን። ለተብርሃን ከዘንጉ አጠገብ አልተነሣችም። ጥላው በምሥራቅ በኩል ብቅ ሲል «ተመለሰ!» ብላ ጠራችን። ከዚያ ጠየቀችን፤ ነገም እዚህ ይጠፋል? ነገ ፀሐይቱ ወደ ሰሜን ትቀጥላለች፤ ጥላው ነገ ከሁሉ በላይ የሚጠፋው ማይ ጸብሪ አካባቢ ነው አልናት።

«ማይ ጸብሪ?» ስልኳን ከደረቷ አወጣች። «እህቴ እኮ እዚያ ናት!»

በትግርኛ ፈጥና ማውራት ጀመረች። በእጇ ዘንግ ትተክላለች፣ ፀሐይዋን ትጠቁማለች፣ ሰዓቱን ደጋግማ ትናገራለች። መሪጌታ ጎንበስ ብለው ያዳምጡ ነበር። «ጽላሎት አለች» አሉኝ በደስታ። «ጥላን ነው። የእኛው ግእዝ ነው!»

በማግስቱ ቀትር ላይ ትርንጎና መሪጌታ ዳባት ቤተ ክርስቲያን ነበሩ፤ እኔ ደግሞ በጎንደር አውቶቡስ ወደ ደቡብ እየተመለስኩ፣ የሰጡኝን ጋቢ ለብሼ ተኝቻለሁ። ከሰዓት በኋላ ትርንጎ መልእክት ላከችልኝ። ለተብርሃን ደውላላት ነበር። የማይ ጸብሪዋ እህት ጎረቤቶቿን ሁሉ ጠርታ ስምንት እንጨት አስተክላለች፤ የስምንቱም ጥላ ጠፍቷል፤ ሰፈሩ ምሳውን ረስቶ ሲያይ ቆይቷል። አሁን ደግሞ ሽሬ ያለው አጎታቸው የእሱ ተራ መቼ እንደሆነ ይጠይቃል።

ወረቀት አወጣሁና ቀኑን ቆጥሬ ላክሁላቸው።